ጊደሯን ሳንመግብ ዝርያ አናሻሽልም

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ላሞችን እያዳቀልኩ የኖርኩ ባለሙያ ነኝ። ከጫጫ እስከ አንጎለላ በየደጁ ስደርስ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጊደሬ ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ኮርማ የማትፈልገው ለምንድን ነው?» አንዱ ዘሩ አልተስማማትም ይላል። ሌላው የሰው ዓይን ነው ብሎ ያዝናል። ሦስተኛው «መርፌ አለ አሉ፤ በቃ ውጋልኝ» ብሎ ይለምነኛል። ጊደሯን ይዘውልኝ እጄን አስገብቼ ስዳስስ የማገኘው ግን ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ልሙጥ፣ ሥራ ያልጀመረች የእንቁላል ማፍሪያ ናት። ጊደሯ መካን አይደለችም፤ አልታመመችምም። ከተወለደች ጀምሮ ጠግባ ስላልበላች ዕድሜዋ ሄዶ አካሏ ቀርቷል።

እኔ እንደማየው፣ በዚህች አገር የወተት ላም ዝርያ ለማሻሻል ከሚወጣው ገንዘብና ድካም ብዙው የሚባክነው በማዳቀሉ ቀን አይደለም። የሚባክነው ጥጃዋ ከተወለደች በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት፣ ማንም ዞር ብሎ በማያያት ጊዜ ነው።

ዝርያ የማሻሻል ሥራችን የትናንት ጅምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ አሰላ ላይ ሆኖ የአገር ውስጥ ላሞችን ከፍሪዝያን ጋር ያዳቅል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ቃሊቲ ላይ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል ተቋቋመ። ቀጥሎ የብዙ ላሞችን ድራት፣ ማለትም ኮርማ የሚፈልጉበትን ጊዜ፣ በሆርሞን በአንድ ላይ እያመጡ የማዳቀል ዘመቻዎች መጡ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ወተትን ከዋና ዋና ግቦቹ አንዱ አድርጎታል። ሁሉም በጎ ሥራ ነው፤ እኔም እንጀራዬን የበላሁበት ነው። ነገር ግን ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር ወሬው ስለ ኮርማው ነው፤ እናቱ ስንት ሊትር ትታለብ እንደነበር፣ ዘሩ ከየት እንደመጣ። ከዚያ ኮርማ የተወለደችው ጥጃ ዛሬ ጠዋት ምን እንደበላች የሚጠይቅ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኸው ነው። ከኮርማው ተወስዶ የምናዳቅልበት አባላዘር የሚሰጠን ተስፋ ብቻ ነው፤ ተስፋው ወተት የሚሆነው ጥጃዋ ስትበላ ነው።

አርሶ አደሩም ባለሙያውም ሊያውቀው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ጊደር ለኮርማ የምትደርሰው በዕድሜዋ ሳይሆን በክብደቷ መሆኑን ነው። አንዲት ጊደር ድራት የምታሳየው ክብደቷ አዋቂ ስትሆን ከሚኖራት ከ40 እስከ 45 በመቶ ሲደርስ ነው። ለማዳቀል የምትበቃው ደግሞ ከ55 እስከ 60 በመቶ ስትደርስ ነው። በእኛ አካባቢ አንዲት ድቅል ላም አድጋ 430 ኪሎ ትመዝናለች ብንል፣ ጊደሯ 250 ኪሎ ገደማ ስትሞላ ትዳቀላለች ማለት ነው። ይህ ክብደት በ15 ወሯ ከመጣ በ15 ወሯ ትዳቀል፤ በ30 ወሯ ከመጣም እስከዚያ ጠብቀን እንከስራለን። አካሏ ለዕድሜ ቁጥር ደንታ የለውም። ስብና ሥጋ ሲጎድለው አንጎሏ ወደ ማፍሪያዋ የሚልከውን ትእዛዝ ያዘገያል፤ ራሷን ለማኖር ያልበቃች እንስሳ ልጅ እንዳትሸከም ተፈጥሮ ያበጀው ጥበቃ ነው።

ለዚህ ነው መርፌ ለሚለምኑኝ እምቢ የምለው። በዘመቻ የምንወጋው ሆርሞን የሚሠራው ዑደቷን በጀመረች እንስሳ ላይ ነው። ዑደት ባልጀመረች ከሲታ ጊደር ላይ መድኃኒቱ ይፈሳል፣ አባላዘሩ ይባክናል፣ ገበሬውም በማዳቀል ላይ ያለው እምነት ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ተዳቅላ ያልያዘች ጊደር ባለቤት በአራተኛው ወደ ጎረቤቱ ኮርማ ቢሄድ አልፈርድበትም።

እስኪ ቁጥሩን አብረን እንየው። ጥጃዋ ስትወለድ 30 ኪሎ ነበረች እንበል። 250 ኪሎ ለመድረስ 220 ኪሎ መጨመር አለባት። በ18 ወር እንድትደርስ ከተፈለገ በቀን 400 ግራም ያህል መጨመር ይበቃታል። ይህ ከጥሩ ድርቆሽ፣ ከጥቂት ፋጉሎና ከንጹሕ ውኃ የሚገኝ ዕድገት ነው። በቀን የምትጨምረው 240 ግራም ብቻ ከሆነ ግን እዚያው ክብደት ላይ ለመድረስ 30 ወር ይፈጅባታል። የዘጠኝ ወር እርግዝናውን ስንጨምር የመጀመሪያዋ በ27 ወሯ፣ ሁለተኛዋ በ39 ወሯ ትወልዳለች። በመካከሉ አንድ ሙሉ ዓመት አለ። በዚያ ዓመት ጊደሯ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ እረኛ ትፈልጋለች፣ ግን አንድ ጣሳ ወተት አትሰጥም። እኩያዋ በቀን 7 ሊትር ብትታለብ በ300 ቀን 2,100 ሊትር ሰጥታለች። በቀን 160 ግራም በምታክል የዕድገት ልዩነት የምናጣው ይህን ያህል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በመጀመሪያዋ ሰዓት ነው። ጥጃ ስትወለድ በደሟ ውስጥ በሽታ መከላከያ የላትም ማለት ይቻላል፤ የምታገኘው ከእናቷ እንገር ነው። አንጀቷ ያንን መከላከያ እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ 30 ኪሎ ለምትመዝን ጥጃ የክብደቷን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 3 ሊትር ያህል እንገር፣ በተወለደች በሰዓታት ውስጥ መስጠት ግድ ነው። በየመንደሩ «እንግዴ ልጁ ሳይወርድ ጥጃዋ አትጥባ» የሚሉ አሉ። እንግዴ ልጁ እስኪወርድ የሚጠበቅባት እያንዳንዷ ሰዓት ከጥጃዋ ላይ የምትነጠቅ ናት። በእንገር እጦት በተቅማጥና በሳምባ ምች የተደቆሰች ጥጃ ብትተርፍ እንኳ ያጣችውን ዕድገት ሙሉ በሙሉ አትመልሰውም።

ከእንገሩ ቀጥሎ ወተቱ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የብዙ ዓመታት መዝገብ አገላብጠው ያወጡት ጥናት አለ። በዩኒቨርሲቲው መንጋ ውስጥ ጥጃዎች ወተት እስኪተዉ ድረስ በቀን የሚጨምሩት ክብደት በአንድ ኪሎ ከፍ ባለ ቁጥር፣ አድገው ሲወልዱ የመጀመሪያ ወሊድ ወተታቸው በአማካይ 850 ኪሎ ይበልጥ ነበር። በ100 ግራም ስናስበው 85 ኪሎ ወተት ነው። እነዚያ ላሞች በኒውዮርክ ግዛት በሙሉ መኖ የሚያድጉ ሆልስታይኖች ናቸው፤ በእኛ ድቅሎች ላይ ቁጥሩ ያው ይሆናል አልልም። የሚያስተምረን ግን አንድ ነገር አለ፦ የሁለት ወር ጥጃ የጠጣችው ወተት ከሁለት ዓመት በኋላ በግቷ ይታያል። እኛ ዘንድ ደግሞ ለጥጃዋ የሚቀርላት ብዙ ጊዜ ከታለበ በኋላ የተረፈው ጠብታ ነው።

አንጎለላ ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ይህንኑ ስነግራቸው «ልጄ፣ ወተቱን ጥጃዋ ከጠጣችው ለልጆቼ ደብተር በምን ልገዛ ነው?» አሉኝ። የእሳቸው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ለእሱ መልስ የሌለው ምክር ምክር አይደለም። «እማማ፣ አብረን እንደምረው» አልኳቸው። በቀን 4 ሊትር ለሁለት ወር 240 ሊትር ነው። በሦስተኛው ወር እየቀነሱ ቢያስተዋት ሁሉም ወደ 300 ሊትር ይጠጋል። ጊደሯ አንድ ዓመት ቀድማ ብትወልድ የሚገኘው ከ2,000 ሊትር በላይ ነው። ወተቱ ብቻውን ይህን አያመጣም፤ ከዚያ በኋላ ያለው መኖም አለበት። ግን ያለ እሱ መሠረቱ አይጣልም። እማማ ጥቂት አስበው «እንግዲያው ጾሙ ሲገባ ይሻላል» አሉኝ። በውይይታችን ውስጥ ከሁሉ የላቀው ሐሳብ የእሳቸው ነበር።

እውነታቸውን ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ሰብሳቢዎች የሚረከቡትን ይቀንሳሉ፤ አዲስ አበባ ድረስ ወተት የሚልኩ ሰዎች ዋጋ ወረደብን፣ ወተት ተረፈን እያሉ ያማርራሉ። ከፊሉ ለቅቤ ይናጣል፤ ሁሉም ግን አይናጥም። ከጥር እስከ መጋቢት የምትወለድ ሴት ጥጃ በዚያ ወቅት እስክትጠግብ ብትጠጣ ገበሬው የሚያጣው ገቢ በጣም ትንሽ ነው። የማዳቀል ቀጠሮን ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ማድረግ ልደቱን ወደ ጥርና መጋቢት ያመጣዋል። እኛ ባለሙያዎች የመኖውንና የጾሙን አቆጣጠር አይተን ቀጠሮ ብንይዝ፣ ገበያ ያልፈለገው ወተት የነገዋን ላም ይሠራል።

ጥጃዋን ወተት ብቻ አጠጥቶ ማሳደግም አይሆንም። ስትወለድ ትልቁ ጨጓራዋ ገና አልተሠራም። የሚሠራው ደረቅ መኖ ስትቀምስ ነው፤ እህሉ በጨጓራዋ ሲብላላ የሚወጣው አሲድ የጨጓራዋን ግድግዳ ያሳድገዋል፣ ገለባና ሣር የምትፈጭበትን አቅም ይሰጣታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጥቂት የተፈጨ እህልና ፋጉሎ በንጹሕ ዕቃ፣ አጠገቡም ውኃ ይቀመጥላት። ወተት የምትጠጣ ጥጃ ውኃ አያስፈልጋትም የሚለው ስሕተት ነው፤ ወተቱ ሌላ፣ ውኃው ሌላ።

ከወተት ከተለየች በኋላ ያለው ዕድሜ የተረሳው ዕድሜ ነው። በደጋችን ክረምት ላይ መስኩ ሲለመልም ጊደሮች ይደልባሉ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሣሩን ሲያቃጥለው የገብስ ጭድ ብቻ ይቀርላቸዋል። በክረምት የጨመሩትን በበጋ ያጡታል። ጨጓራ ውስጥ ገለባ የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት በመኖው ውስጥ ቢያንስ 7 በመቶ ፕሮቲን ካላገኙ ሥራቸውን አይሠሩም፤ የእህል ጭድ ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ለዚህ ነው ጊደሯ ፊቷ የጭድ ክምር ተቆልሎ ሳለ የምትከሳው። ሆዷ ሞልቷል፤ አካሏ ግን አልጠገበም።

መፍትሔው ከደጃችን ሩቅ አይደለም። ድርቆሽ ብዙው ሰው የሚያጭደው ሣሩ ፍሬ ጥሎ ከደረቀ በኋላ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። አበባ ሲጀምር፣ ዝናቡ እንዳባራ ቢታጨድ ብዛቱ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ፕሮቲኑ ይበልጣል። የባቄላና የአተር ገለባ ከገብስ ጭድ ይሻላል፤ እሱን ለበሬ፣ ለወላድ ላም ከማለት ለጊደሯም ድርሻ ይተውላት። ሲናርን ቪች ከሚባለው የመኖ ተክል ጋር ቀላቅሎ መዝራት የሆለታ ምርምር ማዕከል ለደጋው ሲያስተዋውቀው የኖረ አሠራር ነው፤ በጓሮ በትንሽ መሬት ይበቅላል። በቀን አንድ ኪሎ የማይሞላ የኑግ ፋጉሎ፣ ያልሻገተ ከሆነ፣ ጭዱን ራሱን ወደ መኖነት ይለውጠዋል። አሞሌ ጨውም ከፊቷ አይጥፋ።

እዚህ ላይ ለሌላ ወገንም የምለው አለኝ። በከተማ ዳር ትልልቅ በረት የከፈቱ ባለሀብቶች ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ጊደሯን በፉርሽካና በሞላሰስ ይሞሏታል፤ በዓመቷ ክብ ሆና ስትታይ ይደሰታሉ። የጊደር ግት ከሦስት ወር ዕድሜዋ ገደማ ጀምሮ ድራት እስክታሳይ ድረስ ከሌላው አካሏ ፈጥኖ የሚያድግበት ጊዜ አለው። በዚያ ጊዜ ፕሮቲን ሳይመጣጠን ኃይል ሰጪ መኖ ሲበዛባት ወተት የሚሠራው ሥጋ ሊያንስ፣ ቦታውን ስብ ሊይዘው ይችላል። እነ ክሪስተን ሴይርሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት ከድራት በፊት ከመጠን በላይ የተመገቡ ጊደሮች ግት እንዲህ እንደሚሆን አሳይተዋል። ስብ የበዛባት ጊደር ስትወልድም ትቸገራለች። ስለዚህ የምንፈልገው ድልብ ጊደር አይደለም፤ አጥንቷ የረዘመ፣ ወገቧ የሰፋ፣ ጎኗ ላይ ስብ ያልተከመረባት ጊደር ናት። ቁመትን የሚሠራው ፕሮቲንና ማዕድን ነው፤ ፉርሽካ ብቻውን አያረዝምም።

ከተዳቀለች በኋላም ጉዳዩ አያበቃም። ጊደር ስትወልድ የአዋቂ ክብደቷን ከ80 በመቶ በላይ ደርሳ መሆን አለባት። ሳትደርስ ከፍሪዝያን ዘር የከበደች ትንሽ ጊደር ምጥ ላይ የምትሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም፤ ጥጃው ይሞታል፣ አንዳንዴ እናቲቱም ትከተለዋለች። በሰላም ብትወልድ እንኳ የመጀመሪያ ወላድ ገና እያደገች ነው። ያገኘችውን መኖ ለራሷ ዕድገት፣ ለወተቱና ለቀጣዩ እርግዝና ታካፍለዋለች። ከስታ ከወለደች ወተቱ ያንሳል፣ ድራቷም ይዘገያል፤ ሁለተኛው ጥጃ በዓመቱ ሳይሆን በሁለተኛው ዓመት ይመጣል። ባለቤቱ ያኔ «የፈረንጅ ላም ከእኛ አገር አትስማማም» ይላል። እሱም አልተሳሳተም፤ ያልተመገበች የፈረንጅ ዘር በእርግጥ ከሐበሻዋ ትብሳለች፤ የሐበሻዋ ትንሽ በልታ መኖርን ታውቅበታለች።

ገበሬው ይህን ሁሉ የማያደርገው ሰንፎ አይደለም። ፋጉሎ ውድ ነው። ወላዷ ላም ዛሬ ማታ ወተት ትመልሳለች፤ ጊደሯ ግን ሁለት ዓመት ስትበላ ምንም አትመልስም። ማንኛችንም ብንሆን መኖውን ለወላዷ እንሰጥ ነበር። ስለዚህ ለገበሬው የምመክረው አንድ ነገር ቁጥር መቀነስ ነው። አራት ጊደር በጭድ ከማቆየት፣ ሁለቱን ወተት እንደተዉ ሸጦ በገንዘቡ ሁለቱን በደንብ ማሳደግ ይሻላል። አራቱ ከሲታዎች በአራት ዓመታቸው ይወልዳሉ፤ ሁለቱ ጠና ያሉት በሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ። ጊደር በቁጥር ሳይሆን በክብደት ትቆጠር።

ክብደት ለመቁጠር ደግሞ ሚዛን አያስፈልግም። ከፊት እግሮቿ ጀርባ ደረቷን ዙሪያውን በሜትር ለክቶ፣ በሠንጠረዥ ወደ ኪሎ መለወጥ ይቻላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በወር አንድ ጊዜ ለክቶ በግድግዳ ላይ ጽፎ መያዝ ልጅ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ሁለት ወር ተከታትሎ ቁጥሩ ካልጨመረ፣ ጊደሯ ሳትከሳ በፊት ባለቤቷ ያውቃል።

ለመንግሥትና ለወተት ዩኒየኖች የምጠይቀው ከዚህ ይበልጣል። የመኖ ብድር ስትሰጡ ላሚቱ የምትታለብ ከሆነች ብቻ አትበሉ፤ ጊደር ለሚያሳድግ የሚሆን፣ ክፍያው ስትወልድ የሚጀምር ብድር ይኑር። የማዳቀል ባለሙያ በያዘው ቦርሳ ውስጥ ሜትር ይጨመር፤ ለክብደቷ ያልበቃችን ጊደር «ገና ናት፤ መግቧትና ልመለስ» ብሎ የመመለስ ሥልጣን ይሰጠው፤ በዚህም ውጤቱ እንደቀነሰ ተቆጥሮ አይወቀስ። ዛሬ የሚቆጠርልን ስንት ላም እንዳዳቀልን ነው። ይህ ቁጥር ስንት ላም እንደያዘች እንኳ አይናገርም፤ ከተወለዱት ስንቶቹ ላም እንደሆኑማ ጭራሽ አይነካውም።

በየወረዳው የዝርያ ማሻሻያ ሪፖርት ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ በማዳቀል ከተወለዱ ሴት ጥጃዎች ውስጥ 30 ወር ሳይሞላቸው የወለዱት ስንት ናቸው? ይህን ዓምድ መሙላት የሚችል ወረዳ ዝርያ አሻሽሏል። መሙላት የማይችለው ግን ምን ያህል አባላዘር ቢያከፋፍል ያሻሻለው ነገር የለም።